የጊሌው ሠሪ ማነው?

እንደዚህ ባሉ ገጾች ላይ ሒስ የሚቀርበው በአብዛኛው ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ቴአትር፣ ስለ ሥዕልና ስለ ሙዚቃ ነው። አንድ ቢላዋና ስለ እርሱ የተጻፈ የአምስት መስመር ማስታወቂያ ለሒስ ይበቃሉ ብሎ የሚያስብ ብዙ ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ጽሑፍ ከሆነ፣ አንባቢም ካለው፣ ከዚያም አልፎ አንባቢውን ገንዘብ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ሒስ የማይደርስበት ምክንያት የለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በኢንተርኔት ሐራጅ ለሽያጭ ከሚቀርበው ጊሌ ሥር የሚጻፈውን ያንን አጭር መግለጫ ነው።

የዓለም የስለት ሰብሳቢዎች ዛሬ ብዙውን ግዢያቸውን የሚፈጽሙት በኢንተርኔት መሆኑ ይታወቃል። ኢቤይ የተባለው ገበያ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በፈረንሳይ የቆዩት አጫራች ቤቶችም ካታሎጋቸውን በድረ ገጽ ማውጣት ከለመዱ ወዲህ፣ ማንኛውም ሰው ከመኖሪያ ቤቱ ሳይወጣ የኢንዶኔዢያውን ክሪስ፣ የኔፓሉን ኩክሪ፣ የየመኑን ጃምቢያ ተጫርቶ ሊገዛ ችሏል። በእነዚህ መካከል የእኛም ጎራዴ፣ ሾተልና ጊሌ አዘውትረው ይታያሉ። ጎራዴው የመኳንንት ትጥቅ ስለ ነበረ ተከታይ አያጣም። ጊሌው ግን የእረኛና የመንገደኛ መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አይዘልም። ርካሽ በመሆኑ ብዙ ይሸጣል፤ ብዙ በመሸጡም ስለ እርሱ ብዙ ይጻፋል። የሚጻፈው ግን ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ነው።

ጊሌ አፋሩ በወገቡ ፊት ለፊት አግድም የሚታጠቀው፣ ሰፋ ያለ፣ በሁለቱም ጎን ስለት ያለውና ከመሐሉ አጠፍ የሚል ረጅም ቢላዋ ነው። እጀታው ከእንጨት ይሠራል፤ አፎቱ በቆዳ ይለበጣል፤ እንደ ባለቤቱ አቅም ናስ ወይም ሌላ ብረት ይጨመርበታል። ስሙ የአፋር ቢሆንም በገበያ የሚገናኙት ጎረቤት ሕዝቦች ሁሉ ያውቁታል። ይህንንም ለመረዳት ወደ ከሚሴና ወደ አካባቢዋ መሄድ ይጠቅማል። ከሚሴ በአዲስ አበባና በደሴ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ ደጋው ወደ ቆላው በሚወርድበት ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ነው፤ በምሥራቅ በኩል የሚዋሰነውም አፋርን ነው። ሰኞ በባቲ፣ እሑድ በሰንበቴ በሚውለው ገበያ አፋሩ ግመሉንና ጨውን፣ ኦሮሞው ከብቱንና ማሽላውን፣ አማራው እህሉን፣ አርጎባው ሽመናውን ይዞ ይገናኛል። በሦስትና በአራት ቋንቋ ዋጋ የሚቆረጥበት ገበያ ነው። የቆላው ሰው ለወገቡ ቢላዋ ከፈለገ፣ የደጋው ሰው ለበሬው ማረሻ ካስፈለገው፣ ሁለቱም የሚደርሱት ከቀጥቃጩ ዘንድ ነው።

በእንዲህ ያለ ገበያ ቢላዋ ሲገዛ የተመለከተ ሰው ሒስ ማለት ምን እንደሆነ ያያል። ገዢው ከአፎቱ ይመዘዋል፤ አውራ ጣቱን በስለቱ ላይ አግድም ያሳርፋል፤ በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ እጀታው የላላ እንደሆነ ነቅነቅ አድርጎ ይፈትናል። ከዚያም ጉድለቱን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሻጩም መልስ ይሰጣል። ከጎን የቆመውም ሰው ሳይጠየቅ አስተያየቱን ይጨምራል። እዚህ ላይ ዕቃውና ሠሪው አልተለያዩም። ቢላዋው በሳምንቱ ቢሰበር ተመልሶ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ያም ሰው ስም አለው።

በኢንተርኔት ሐራጅ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ገዢው የሚያየው ፎቶግራፍ ነው። የመጨረሻ ዋጋውን በምስጢር ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል፤ ሌላ ተጫራች ዋጋ ባቀረበ ቁጥር ኮምፒዩተሩ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ይከራከርለታል። ብልህ ነኝ የሚለው ደግሞ ዝም ብሎ ቆይቶ ሊዘጋ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ይገባል። አጫራች ቤት ከሆነ በአሸናፊው ዋጋ ላይ የራሱን አበል ይደምራል። ቢላዋው በእጅ አልተነካም፤ ድምፁም አልተሰማም። ስለዚህ ፍርዱ ሁሉ የሚመሠረተው በሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በፎቶግራፉና በመግለጫው።

ሐራጅ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን የገበያ ደስታ የለውም። ሐራጅ ሲባል ዕዳ የያዘው ሰው ቤት፣ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ የተሰበሰበ ጎረቤት ትዝ ይላል። በወሎ ምድር ደግሞ ከዚህ የከፋ ትዝታ አለው። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አመጣው፤ በዚያም ሁለት ቀን የፈጀ ሐራጅ ተደረገ። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከተጫራቾቹ መካከል የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ይገኝበት ነበር። እንግዲህ የወሎ ዕቃ ለባዕድ ሰብሳቢ በጨረታ ሲሸጥ ኢንተርኔት የመጀመሪያው አይደለም። ልዩነቱ የደላንታው ሐራጅ ዕቃ በዘረፋ የተገኘ መሆኑና ዛሬ በኢንተርኔት የሚታየው ጊሌ በብዛት ሰው ወድዶና ፈቅዶ የሸጠው፣ ቱሪስት ወይም ሠራተኛ ገዝቶ የወሰደው መሆኑ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ይህ ጸሐፊ የወጣው ጊሌ ሁሉ ይመለስ የሚል ጥያቄ የለውም። የጎደለው ሌላ ነው።

መግለጫዎቹን ስናነብ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር አስቀድመን መናገር ይገባናል። ፎቶግራፎቹ ብዙ ጊዜ ጥሩ ናቸው። ስለቱን ከሁለቱም ወገን፣ አፎቱን ከነስፌቱ፣ የእጀታውን ጫፍ ከነምስማሩ በቅርበት ያሳያሉ፤ ርዝመቱን በሚሊሜትር ይናገራሉ። ከሰብሳቢዎቹም መካከል ስለ ብረት አቀጣቀጥና አሞቃቅ ከብዙዎቻችን የበለጠ የሚያውቁ አሉ። ይህን ያህል ትዕግሥት ለአንድ የቆላ ቢላዋ የሰጠ የአገር ውስጥ ጽሑፍ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጽሑፉ ግን ከፎቶግራፉ በእጅጉ ያንሳል። በመጀመሪያ ደረጃ ዘመኑን ይዋሻል ወይም ይገምታል። ጥቂት ዝገት የያዘ ጊሌ ሁሉ የ19ኛው መቶ ዘመን ይባላል። በአገራችን ቀጥቃጭ ለስለት ከሚመርጣቸው ብረቶች አንዱ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ በባቲና በሰንበቴ መንገድ የተሰበረ ባሌስትራ ለመልቀም ደግሞ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት መጠበቅ ግድ ነበር። ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ጊሌ አያፍርም፤ እንዲያውም የመንገዱንና የንግዱን ታሪክ በውስጡ የያዘ ነው። ሻጩ ግን ይህን ታሪክ አይፈልገውም። ዕድሜ እንጂ ታሪክ አይሸጥም ብሎ ያምናል።

ሁለተኛውና የባሰው ጉዳይ የደም ወሬ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933ና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር ምድር ባደረገው ጉዞ፣ በዚያን ጊዜ ገዳይነት በትጥቅና በጌጥ ይታወቅ እንደ ነበረ ጽፏል። የጻፈው ያየውን ዘመን ነው። የሐራጁ መግለጫ ግን ይህን አንድ ነገር አንሥቶ በማንኛውም ዘመን በተሠራ፣ በማንም በታጠቀው ጊሌ ላይ ይለጥፈዋል። አፎቱ ላይ ሦስት የናስ ቅጠል ካለ ሦስት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ናሱ ለጌጥ ብቻ የተደረገ፣ ምናልባትም ለሙሽርነት የተጨመረ ሊሆን እንደሚችል የሚጠይቅ የለም። ፍየል የሚታረድበት፣ ገመድ የሚቆረጥበት፣ እንጨት የሚጠረብበት የዕለት መሣሪያ መሆኑም አይነገርም፤ እረኛው በዕለቱ ሥራ ከገበያው ይሰረዝና በምትኩ አንድ ጦረኛ ይቆማል። የጅቡቲ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ስትወጣ ያቆመችው አርማ ላይ ሁለት እጆች ስለት ጨብጠው ይታያሉ፤ አንዱ አፋሩን ሌላው ኢሳውን ይወክላል። በአንድ አርማ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ስለቶች ከግድያ የሰፋ ትርጉም እንዳላቸው ለማወቅ የተለየ ምርምር አያስፈልግም።

ሌላው የቃላት ጉዳይ ነው። የየመኑ ጃምቢያና ጊሌው በአንድ ስም ሲጠሩ ይታያል፤ «የጎሳ ቢላዋ» የሚለው ቃልም ለሁሉ ይበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን «የአፋር ቢላዋ» የሚለው ትክክል የሚመስል አገላለጽ ነው። የታጠቀው አፋር ነው ማለት የሠራው አፋር ነው ማለት አይደለም። ከባቲ ገበያ የተገዛ ጊሌ ብረቱ ከኮምቦልቻ መንገድ፣ ቆዳው ከአንዱ መንደር፣ ቅጥቀጣው ከሌላው ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። በአንድ ብሔረሰብ ስም መጥራቱ ቀላል ይመስላል፤ በዚያው አፍታ ግን ገበያውን ይደመስሳል፤ በጉርብትና የተሠራውን ነገር የአንድ ወገን ያደርገዋል።

እስከዚህ ድረስ አጫራቹን ብቻ ስንወቅስ ቆይተናል። አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ አጫራቹ የሠሪውን ስም ለመጻፍ ቢፈልግ ከየት ያገኘው ነበር?

ከእኛ አያገኘውም። ቀጥቃጩን ስም ያሳጣነው እኛው ነን። ኦሮሞው ቱምቱ፣ አማራው ጠይብ ብሎ ሲጠራው ቃሉ ሙያውን ከመግለጽ አልፎ ርቀትን የሚያስጠብቅ አጥር ሆኖ ኖሯል። ማረሻውን የሠራለት ገበሬ ልጁን አይድርለትም ነበር፤ ቡዳ ነው ይለዋል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ልጆቹን ከደጃፉ ያርቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አውቶሞቢሉም አዋጁም በአንድ ዓመት መሆናቸው ይገርማል፤ ባሌስትራው ቀጥቃጩ ዘንድ ሲደርስ አዋጁ ገና በመንገድ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም ባለእጆች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተዋል፤ ስለ ሥራ ክቡርነትም ብዙ ተነግሯል። ይሁን እንጂ ስድቡ ከአደባባይ ቢወጣም ከጋብቻና ከማዕድ ጨርሶ አልወጣም። እንዲህ ባለ ኅብረተሰብ ውስጥ ቀጥቃጩ ስሙን በስለቱ ላይ ቢቀርጽ ኖሮ ዋጋው ከፍ ይል ነበር ወይስ ዝቅ? መልሱን አንባቢ ያውቀዋል።

በዚሁ የሐራጅ ገበያ ጎራዴው ሲሸጥ የሚደረገውን እንመልከት። ባለፈው መቶ ዘመን መባቻ ለመኳንንቱ ከመጡት የጎራዴ ስለቶች ብዙዎቹ በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ የተሠሩ ነበሩ፤ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ጭምር እዚያው ተቀርጾባቸው ይመጡ ነበር። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ጎራዴ ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚፈልገው የፋብሪካውን ማኅተም ነው። ማኅተሙ ከተገኘ መግለጫው ይረዝማል፤ የፋብሪካው ታሪክ፣ የተሠራበት ዘመን፣ ወደ ኢትዮጵያ ያስመጣው ነጋዴ ይጠቀሳል፤ ዋጋውም ይወጣል። እጀታውና አፎቱ አገር ውስጥ ተሠርተው ሳለ የእነርሱ ሠሪ አይነሣም። (እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከታገደ ብዙ ዘመን ስለሆነው ሕግ አክባሪ ገበያ በቀላሉ አይቀበለውም።) ስለዚህ በአንድ ጎራዴ ላይ የጀርመኑ ሠራተኛ ባለ ስም፣ የእኛው ስም የለሽ ሆነው ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ገንዘቡ የሚከተለው ስሙን ነው።

ይህ የግድ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ባቲ ለሙዚቃችን ያደረገችውን እናስብ። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ይጠራል፤ ከአምባሰል ጋር ሁለቱ የወሎ ቦታዎች የአገር ሁሉ ዜማ መለኪያ ሆነዋል። ክራር የሚቃኝ ተማሪ ባቲን ባያያት እንኳ ስሟን ሳይጠራ ትምህርቱን አይጨርስም። በዜማ በኩል ቦታው ስሙን ጠበቀ፤ በብረት በኩል ግን ከዚያው ገበያ የወጣው ሥራ ባሕር ሲሻገር የገበያውን ስም ይዞ አልሄደም። አዝማሪውም እንደ ቀጥቃጩ ተንቆ የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን ዜማው በየሰው አፍ ስለሚዘምት የመነሻውን ስም ራሱ ያስታውሳል፤ ብረት አፍ የለውም፤ ስሙን ሌላ ሰው ካልጻፈለት ይጠፋል።

ስም የተጻፈለት ዕቃ ምን እንደሚያገኝ በቅርብ ዓመታት አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት በሚገኝ አንድ አጫራች ቤት ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች ለሐራጅ ሊቀርቡ ሲሉ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃውሞ አስነሥቶ እንዲወጡ ተደርጓል፤ በዚያው ዓመትም ተገዝተው ከሌሎች ጋር ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በኒውካስል ሊሸጥ የነበረ ጋሻ በተመሳሳይ ሁኔታ ከሐራጁ ወጥቷል። ጋሻው ላይ መቅደላ የሚል ስምና እ.ኤ.አ. የ1868 ዓመተ ምሕረት ተቀርጾበት ነበር። ቀራጩ ድሉን ለማስታወስ የጻፈው ጽሑፍ ከ156 ዓመት በኋላ ለዘረፋው ምስክር ሆነ። ማስረጃ ማለት ይህ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አዋጁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጉምሩክ በር ላይ የቆመ ሠራተኛ አዲሱን ጊሌ ከአሮጌው፣ ለገበያ የተሠራውን ከአያት ከወረደው የሚለይበት መዝገብ በእጁ ከሌለ ምን ያድርግ? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ በደሴ የሚገኘው ሙዚየም ዝርፊያና ጉዳት ደርሶበታል። ከሙዚየም ወይም ከአንድ ቤት ግድግዳ የተወሰደ ጊሌ ነገ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ቢታይ፣ የእኛ ነው ብሎ ለመናገር ፎቶግራፉና መግለጫው አስቀድሞ በእኛ እጅ መኖር አለበት። ከሌለ አጫራቹ በጻፋት አምስት መስመር መገዛታችን ነው።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ወቅት፣ በዚህ አካባቢ፣ ስለ ስለት ውበት መጻፍ ተገቢ ነውን ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አካባቢው ባለፉት ዓመታት ያሳለፈውን መከራ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ተራ አይደለም። ነገር ግን የአካባቢው ሰው ከነ ባለቤቱና ከነ ሠሪው ያወቀው ጊሌ የእረኛ ቢላዋ ሆኖ ይኖራል፤ ወሬ የሚጠጋው ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ታጠቀው ወደማይታወቀው ነው። ከላይ ያየነው ጦረኛ የተፈጠረው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

የሐራጁ መግለጫ «ሠሪው ያልታወቀ» ብሎ የሚያልፋት ቦታ በአንድ ገጽ ወረቀት ልትሞላ ትችላለች። ለዚህ የውጭ ምንዛሪም ሆነ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የባቲ ወይም የሰንበቴ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር፣ የዞኑ የባህል ሠራተኛ ከደብተሩ ጋር ይበቃል። የሚጻፈው የቀጥቃጩ ስም፣ ለመጻፍ ከፈቀደ፤ የሚኖርበት ቀበሌ፤ ሙያውን ከማን እንደ ተማረ፤ ብረቱን ከምን እንዳገኘው፤ ወናፉን ማን እንደሚነፋለት፤ የእጀታው እንጨት በኦሮምኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ ምን እንደሚባል፤ አፎቱን ሌላ ሰው ሰፍቶት እንደሆነ የእርሱም ስም፤ በመጨረሻም የተሸጠበት ገበያና ቀን ነው። ባቲ ላይ ይህን ሁሉ በአንድ ሰኞ መጠየቅ ይቻላል።